የዋርፋሪን ምርመራው በየአካባቢያችን ይኑር

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

የተዛባ የልብ ምትን በካቴተር፣ ማለትም ወደ ልብ በሚገባ ቀጭን ቱቦ፣ ስለሚያክመው ዘዴ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ለእናቴ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላት። እኔ ፍኖተ ሰላም የባዮሎጂ መምህርት ነኝ፤ እናቴ ደግሞ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የሚባለው የልብ ምት መዛባት ካለባቸው ሰዎች አንዷ ናት። ወንድሞቼ ነገሩን ሲሰሙ በሬ ሸጠንም ቢሆን ውጭ አገር እናሳክማታለን ብለው ተነሡ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈውም ሌላ ቤት ውስጥ ተመሳሳይ ምክር እየተመከረ እንደሚሆን ስለማስብ ነው።

ሕክምናው ድንቅ ነው። የፈረንሳይ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1998 ከቦርዶ እንዳሳወቁት፣ ምቱን የሚያዛባው የኤሌክትሪክ ግፊት አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ከሳንባ ወደ ልብ ደም ከሚመልሱት ደም ሥሮች ነው። ሐኪሙ በብሽሽት በኩል ቀጭን ቱቦ አስገብቶ የእነዚህን ደም ሥሮች አፍ ዙሪያውን በሙቀት ወይም በቅዝቃዜ ያጠባስሳል፤ ጠባሳው ግፊቱ ወደ ልብ እንዳያልፍ ያግዳል። ለሚስማማው ታማሚ ትልቅ እፎይታ ነው።

እናቴ ግን ሕመሟ የመጣው በሌላ በር ነው። እንደ ብዙ ያገራችን ታማሚዎች፣ በልጅነት ከጉሮሮ ሕመም የሚነሣው የሩማቲክ በሽታ ሚትራል የሚባለውን የልብ ቫልቭ አጥብቦባታል። የምትከታተላት ሐኪም ቁርጡን ነገረችን፤ ቫልቩ እንደጠበበ ምቱን ለማስተካከል ቢሞከር ተመልሶ ይዛባል፣ ደም እንዳይረጋ የሚከላከለው ዋርፋሪን የተባለው ኪኒንም አይቀርላትም። በደንብ በማይኮማተረው የልብ ክፍል ውስጥ ደም ይረጋል፤ የረጋው ደም ተነቅሎ ወደ አንጎል ከሄደ ሰውን በአንድ ጊዜ ሽባ ያደርጋል።

ዋርፋሪን ደግሞ ያለ ምርመራ አይወሰድም። ደም ለመርጋት የሚፈጅበትን ጊዜ የሚያሳየው፣ አይኤንአር የሚባለው ልክ ለእሷ ከ2 እስከ 3 መሆን አለበት፤ ካነሰ ደም ይረጋል፣ ከበዛ ይፈሳል። በዐቢይ ጾም ጎመን ከገበታችን አይጠፋም፣ ጎመን ደግሞ የመድኃኒቱን ኃይል ያደክማል። ፋሲካ ሲገባ ጎመኑ ይቀራል፣ የኪኒኑ መጠን ግን ያው ነው። ዘንድሮ ከፋሲካ በኋላ እናቴ ጥርሷን ስትፍቅ መፋቂያው ደም ነክቶ አየሁ፤ ክንዷ ላይም ማን እንደመታት የማታውቀው ሰንበር ወጥቶ ነበር። ወደ ሕክምና ቤት ይዣት ስሄድ የመመርመሪያው ኬሚካል አልቋል ተባልን። እስከ ባሕር ዳር መሄድ ግድ ሆነ፤ መንገዱ ክፍት በመሆኑ እግዚአብሔር ይመስገን። ሐኪሟም ጎመኑን ተይ አላለቻትም፤ ጾም ሲገባና ሲወጣ ተመርመሪ ነው ያለቻት። የት ትመርመር?

ምርመራ የማይፈልጉ አዳዲስ ኪኒኖች አሉ ብለው የሚመክሩን አሉ። እንደ እናቴ ላለ ታማሚ ግን አይሆኑም። ኢንቪክተስ የተባለው ጥናት በ24 አገሮች የሩማቲክ የልብ ሕመምና የተዛባ ምት ያለባቸውን ከ4,500 በላይ ታካሚዎች ተከታትሎ፣ ከአዲሱ ሪቫሮክሳባን ይልቅ እንደ ዋርፋሪን ያሉት ነባር መድኃኒቶች ብዙ ሕይወት እንዳተረፉ እ.ኤ.አ. በ2022 አሳይቷል። እንግዲህ ዋርፋሪን ካልቀረ ምርመራውም ሊቀር አይገባም። ከጣት በተወሰደች ጠብታ ደም በደቂቃዎች ውስጥ ውጤት የሚሰጥ፣ በእጅ የሚያዝ መሣሪያ አለ። ለአንድ ወረዳ ሆስፒታል ይህን ማሟላት ከአቅም በላይ ነው ብሎ የሚያሳምነኝ የለም።

ስለ ካቴተሩ መጻፋችሁን አትተዉ። ነገር ግን አንባቢ ጽሑፉን አይቶ ዋርፋሪኑን እንዳያቋርጥ፣ ቫልቩ የተጎዳ ሰውም ጥሪቱን ከመሸጡ በፊት ሐኪሙን እንዲያማክር በግልጽ ጻፉልን። የጤና ቢሮውንም በየዞኑ አይኤንአር የሚሠራው የትኛው ሆስፒታል እንደሆነ፣ ኬሚካሉ ሲያልቅም ማን እንደሚተካ ጠይቁልንና መልሱን ከነስማቸው አትሙት። ፍልሰታ ከመግባቱ በፊት ቢደርስልን እናቴን የት እንደምወስዳት አውቃለሁ።

አንዲት አንባቢያችሁ
ከፍኖተ ሰላም፣ ጎጃም