ለሂሩት፣ ከአራት ኪሎ

ሂሩትዬ፣ እንደምን ከረምሽ?

ከሦስት ዓመት በኋላ «ከረምሽ» ይባላል እንዴ? የአባትሽን ማረፍ ሰምቼ ሳልደውል ቀረሁ። ዛሬ ነገ ስል ሳምንት አለፈ። ከዚያ አፈርኩ። ኀፍረቱም ራሱ ዓመት ሞላው። ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልን። ስንገናኝ የፈለግሽውን ስደቢኝ። ደግሞ አልዋሽሽም፣ አሁንም የጻፍኩልሽ ቸግሮኝ ነው።

ማሂ ታማለች። ሉፐስ ነው አሉን፤ የሰውነት መከላከያው የገዛ አካሉን ሲያጠቃ የሚመጣው።

ሰኔ ላይ ጠዋት ጠዋት ጣቶቿ አልታጠፍ አሉ። ከዚያ አንድ ቀን ፀሐይ ላይ ውላ ስትመጣ ጉንጮቿ ቀልተዋል፤ ከአፍንጫዋ ግራና ቀኝ፣ ልክ እንደ ቢራቢሮ ክንፍ። እማዬ «ምች ነው» አለች። እኔስ? እንዳትስቂ። የባዮሎጂ አስተማሪዋ ጓደኛሽ ዳማከሴ ጨምቄ በቡና አጠጣኋት። ሁለት ወር ሙሉ! ኩላሊቷን እንዳልነካት የተነገረን ቀን ከቸርችል ጎዳና እስከ አራት ኪሎ በእግሬ እያለቀስኩ መጣሁ። ታክሲ ውስጥ ማልቀስ አፍሬ እኮ ነው።

ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ያንን ወፍራም መጽሐፍ አወጣለሁ። ጠርዙ ላይ የሣልሻቸው አይጦች አሁንም አሉ። ለስንት ዓመት «ነጭ የደም ሴል ወታደር ነው» እያልኩ ሳስተምር ኖሬ፣ እማዬ «ታዲያ ወታደር የገዛ ቤቱን ያቃጥላል?» ስትለኝ መልስ አጣሁ።

በመጨረሻ በማትሪክ አስረዳኋት። ታይመስ ከደረት አጥንት ጀርባ ያለች የፈተና ጣቢያ ናት አልኳት። ቲ ሴሎች የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች እዚያ ይፈተናሉ። የራሱን አካል እንደ ጠላት ያየ ይወድቃል፤ የወደቀ ደግሞ ይሞታል። ከመቶ አምስት እንኳ አያልፍም። «እንደ 2014ቱ ማትሪክ!» አለች። ያኔ ከመቶ 3.3 ብቻ ሲያልፍ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ እኛ ቤት መጥቶ ያለቀሰውን አትረሳም። «ኮርጆ የሚያልፍስ?» ብላ ጠየቀችኝ። ሂሩት፣ እናቴ ሳታውቀው ኢሚዩኖሎጂ ገባች! የኮረጀውን ውጭ ሆነው የሚይዙ አሉ፣ ተቆጣጣሪ ቲ ሴሎች። ጃፓናዊው ተመራማሪ ሳካጉቺ በ1995 እ.ኤ.አ. አገኛቸው። በ2001 እ.ኤ.አ. እነ ብራንኮው የሚያዛቸውን ጂን ከአይጥ አወጡ። በኛ መስከረም 2018 ላይ ኖቤል ማሸነፋቸው ሲነገር አንቺን ነበር ያሰብኩት። አንደኛው፣ ራምስዴል፣ ስልኩን ዘግቶ ተራራ ላይ ነበር አሉ። ሚስቱ ስትጮህ ድብ ያየች መስሎት ነበር። ስልክ ባለማንሳት እኔ ብቻ አይደለሁም ማለት ነው።

እየዘባረቅኩ ነው። ዋናውን ነገር መጻፍ ስለከበደኝ ነው።

ማሂ መድኃኒቷን አቁማለች። ትናንት አልጋዋን ሳነጥፍ ኪኒኑን ከፍራሹ ሥር አገኘሁት። ሃይድሮክሲክሎሮኪን ነው። ስልኳ ላይ ፈልጋ የወባ መድኃኒት እንደነበር አንብባለች። «ወባ የለብኝም፣ ደግሞ ተሽሎኛል» ትላለች። ቀስ ብሎ የሚሠራ ነው፣ የተሻለሽም በሱ ነው፣ ካቆምሽው ይነሳብሻል ብዬ ለመንኳት። «አንቺ ዳማከሴም ያድናል ብለሽኝ ነበር» አለችኝ። ምን ልበላት? እውነቷን ነው።

አንቺን ትሰማሻለች። ልጅ ሆና እንኳ እኔ ስቆጣት አንቺ ጋ ነበር የምትሸሸው። መድኃኒቱ ዓይን ሊነካ ስለሚችል ዓይኗን በየጊዜው መታየት እንዳለባትም ንገሪያት፤ እኔ ስለው ማስፈራሪያ ይመስላታል። ከሉፐስ ሕመምተኛ ከዐሥሩ ዘጠኙ ሴት መሆኑንም ንገሪያት፣ ብቻዋን የተረገመች መስሏታል።

በኛ ሰዓት ማታ ከሦስት በኋላ ቤት ናት። ቁጥሯ ያው የድሮው ነው። እኔ እንደጻፍኩልሽ ግን እንዳታነሺባት። ለእኔ የምትደውይው በሌላ ቀን ይሁን፣ ስድቡን አዘጋጅተሽ።

ያቺው አልማዝ