ሸክላም ዐውደ ርእይ ይገባዋል

ይድረስ ለተከበሩ አዘጋጅ፤

በደብረ ብርሃን የምኖር ጀማሪ የሸክላ ጥበብ ባለሙያ ነኝ። በገበያ የሚሸጥ ጀበና የሚመዘነው ቡና በማፍላቱ ብቻ ስለሆነ የማን እጅ እንደሠራው የሚጠይቅ የለም፤ በዐውደ ርእይ የቀረበ ሥራ ግን የሠሪውን ስም ይዞ ስለሚቆም ቀጣዩን ግብዣና ገዢ የሚያመጣው እርሱ ነው። በመጀመሪያው የቡድን ትርኢት ካቀረብኋቸው አምስት ሥራዎች አንዱንም አልሸጥሁም፤ ሆኖም ከጎብኚዎቹ አንዷ ከወራት በኋላ ሁለት ማሰሮ አዘዘችኝ።

ችግራችን ለማሳየት 130 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን አዲስ አበባ መድረስ ግድ መሆኑ ነው። ሸክላ እንደ ሸራ ሥዕል ተጠቅልሎ አይጫንም፤ በጭድ የጠቀጠቅሁት እንስራ ከተማውን ሳንለቅ እዚያው መናኸሪያ ተሰነጠቀብኝ። በዚሁ አካባቢ፣ በአንጎለላ የተወለዱት ዳግማዊ ምኒልክ ባለእጅን መስደብ የሚከለክለውን አዋጅ በ1900 ዓ.ም. ቢያወጡም፣ ዛሬም «ሸክላ ሠሪ» መባልን እንደ ስድብ የሚቆጥር ሰው አላጣንም።

ስለዚህ ከከተማችን አዳራሾች አንዱ በዓመት ለሁለት ሳምንት እንኳ ቢፈቀድልን፣ ከእኛ ከጀማሪዎቹ ጎን ሙያውን ከእናቶቻቸው የወረሱት የገጠር ሸክላ ሠሪዎችም፣ ስማቸው ከሥራቸው አጠገብ ተጽፎ፣ እንዲያሳዩ የሚመለከታቸው ክፍሎች እንዲያስቡበት በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ አንባቢ፣ ከደብረ ብርሃን