ለእማዬ፣ ስለ ጭፈራውና ስለ ጭቅጭቁ

ይድረስ ለውድ እናቴ፤

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ባለፈው በስልክ «ልትጨፍር ሄደህ ፖለቲካ ውስጥ ምን ጥልቅ አደረገህ?» ስትዪኝ ኔትወርኩ ተቆራርጦ ሳልመልስልሽ ቀረሁ።

አርብ ማታ የምንጨፍርበት ግሌን ኤኮ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ያለ የድሮ መዝናኛ ፓርክ ነው። አዳራሹ በፈረንጆቹ 1933 ሲሠራ ጥቁር ሰው አይገባበትም ነበር። በ1960 የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መጥተው ልጆች በሚሽከረከሩባቸው የእንጨት ፈረሶች ላይ ወጥተው ተቀመጡ፤ አምስቱ ታሰሩ። የሰፈሩ ነጮችም፣ ብዙዎቹ አይሁዶች፣ ከተማሪዎቹ ጋር በሩ ላይ ተሰለፉ። በዓመቱ ፓርኩ ለሁሉም ተከፈተ። ፖለቲካ ባይገባበት እኔስ በየት በኩል እገባ ነበር?

ጭፈራው ኮንትራ ይባላል። ፊት ለፊት በሁለት ረድፍ እንቆምና በየግማሽ ደቂቃው ወደሚቀጥለው ጥንድ እናልፋለን። የምትወጂውንም የማትወጂውንም ሰው እጅ ሳትይዢ ረድፉ አያልቅም። ስትሽከረከሪ ደግሞ ዓይን ለዓይን መተያየት ነው፤ አለዚያ ያዞርሻል። ምርጫ በደረሰ ሰሞን ይህ ቀላል እንዳይመስልሽ!

ጭቅጭቁ ግን እዚያ አይደለም፤ ረቡዕ በምሄድበት ሌላ ትንሽ ቡድን ነው። ድሮ እርምጃውን የሚጠራው ሰው «ወንዶች፣ ሴቶች» እያለ ነበር የሚመራው። አሁን በብዙ ቦታ በወፍ ስም፣ ላርክና ሮቢን ተብሎ ይጠራል፤ ማንም በፈለገው ወገን ይቆማል። እኔን ያስተማሩኝ አንድ ጡረተኛ «ፖለቲካችሁን ውጭ ተዉት» ብለው ተቆጡ። ወጣቶቹ ደግሞ ሰውየው ካልተባረሩ አሉ። እኔ ስሙ እንዲለወጥ እጄን አወጣሁ፤ ሽማግሌው ይባረሩ ሲባል ግን እምቢ አልኩ። ሁለቱም ወገን አኮረፈኝ።

የምትፈሪው ይገባኛል። በደርግ ጊዜ በቀበሌው ኪነት እስክስታ ስትወርጂ ግጥሙን የሚመርጠው ካድሬው ነበር፤ መቅረትም ያስጠይቅ ነበር። እዚህ ያልፈለገ ቤቱ ይቀራል፤ ማንም አይጠይቀውም። ስለዚህ ሁለቱን አንድ አታድርጊብኝ። ቀለሜን አይቶ እጁን ከሚሰበስብ ሰው ጋር ግን፣ ይቅር በዪኝ፣ አልሰለፍም። እስካሁን እንዲህ ያለ አልገጠመኝም።

ሽማግሌው አሁንም ይመጣሉ። «ሮቢን» ሲባል «ሴቶች» እያሉ ያጉረመርማሉ፤ እግራቸው ግን አይስትም።

የግፊት መድኃኒትሽን ማሸጊያ ፎቶ አንሥተሽ በቴሌግራም ላኪልኝ፤ ወደዚያ የሚመጣ ሰው አግኝቻለሁ። ጎረቤቶቹን ሁሉ ሰላም በዪልኝ።

ልጅሽ