ማስጠንቀቂያው ለሁሉም አልደረሰም

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ስለ ሰሞኑ ጎርፍ ባወጣችሁት ዘገባ ሦስተኛ አንቀጽ ላይ «ማስጠንቀቂያው ለነዋሪው ሁሉ ደርሶ ነበር፤ ብዙዎች ግን ችላ አሉት» ብላችኋል። ሌላውን ሁሉ ትቼ ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር እቃወማለሁ።

እኔ መስማት የተሳነኝ ሰው ነኝ። ዘጋቢያችሁ ደረሰ ያለው ማስጠንቀቂያ በሳይረን፣ በሬዲዮና የድምፅ ማጉያ በጫነ መኪና የተነገረውን ነው። በዚያ ሌሊት እኔን የቀሰቀሰችኝ የጎረቤቴ ልጅ ናት፤ የቤቴን ቁልፍ የሰጠኋት ለእንዲህ ያለው ቀን ብዬ ነበር። እሷ ባትደርስልኝ ኖሮ ሬሳዬ ተገኝቶ «ችላ ካሉት» ጋር ትቆጥሩኝ ነበር። ያልደረሰኝን ነገር እንዴት አድርጌ ችላ እላለሁ?

በዚያው ምሽት በቴሌቪዥን የቀረበው የአየር ትንበያ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ነበረው። ነገር ግን በስክሪኑ ግርጌ የሚያልፈው ቀይ ጽሑፍ የአስተርጓሚዋን እጆች ሸፍኗቸው ነበር። ጽሑፉም ቢሆን «አስቸኳይ ማስጠንቀቂያ» ከማለት በቀር የትኛው ሰፈር፣ በስንት ሰዓት፣ ወዴት ይሂድ የሚለውን አልያዘም፤ ዝርዝሩ የተነገረው በድምፅ ብቻ ነው። ለጣቢያው ስለዚህ ጉዳይ ከዚህ በፊትም ደጋግሜ ጽፌያለሁ። መልስ የሰጠኝ የለም።

ትንበያውን አልነቅፍም፤ ባለሙያዎቹ ዝናቡን አስቀድመው አይተውታል። የሚያሳዝነው ከእነሱ ወደ ሰዉ ያለው መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 በስፔን ቫሌንሲያ የሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤቱ ቀይ ማስጠንቀቂያ ያወጣው በጠዋት ነበር፤ ወደ ስልኮች የተላከው መልዕክት ግን ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ፣ ውኃው ብዙ ከተሞችን ካጥለቀለቀ በኋላ ደረሰ። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። እ.ኤ.አ. በ2021 በጀርመን ዚንዚግ ከተማ 12 አካል ጉዳተኞች በሚኖሩበት ቤት ውስጥ በሌሊት ሰጥመው አለቁ፤ የአውሮፓ የጎርፍ ማሳወቂያ ሥርዓት ግን ለባለሥልጣናት ከቀናት በፊት ማሳሰቢያ ልኮ ነበር። እነዚያ 12 ሰዎች ምኑን ችላ አሉ?

የሚሰማ ሰው እንኳ በአንድ ድምፅ ብቻ ተነሥቶ አይሸሽም። እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ ጆፕሊን ከተማ 158 ሰዎችን ከገደለው አውሎ ነፋስ በኋላ የተደረገው ግምገማ እንዳሳየው፣ አብዛኛው ሰው ሳይረኑን ሰምቶ ወዲያው አልተጠለለም፤ ከሌላ ምንጭ ማረጋገጫ እስኪያገኝ ጠብቋል። ሰውየው ሰማዩን ያያል፣ ቴሌቪዥን ይከፍታል፣ ጎረቤት ይጠይቃል። ይህን ንቀት ብሎ መጻፍ ሙታንን መውቀስ ነው። እኛ ደግሞ የመጀመሪያውም፣ ማረጋገጫውም የለንም።

መፍትሔው ከአቅም በላይ አይደለም። በአንድ አካባቢ ላሉ ስልኮች ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚለቀቅ፣ ኢንተርኔት የማይፈልግ፣ ስልኩን የሚያንቀጠቅጥ የጽሑፍ መልዕክት በብዙ አገሮች ይሠራበታል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ማስጠንቀቂያ እስከ 2027 መጨረሻ በምድር ላይ ላለ ሰው ሁሉ እንዲደርስ ግብ አስቀምጧል። እናንተ ግን ዛሬውኑ ደርሷል ብላችሁ ጻፋችሁ፤ ከእኛ አንድ ሰው እንኳ ሳትጠይቁ!

ዓረፍተ ነገሯ እንድትታረም እጠይቃለሁ፤ እርማቱም ዘገባው በወጣበት ገጽ ላይ፣ በዚያው የፊደል መጠን ይውጣ። ዘጋቢያችሁ ሊያነጋግረን ከፈለገ በጽሑፍ ይጠይቀን፤ እንመልሳለን።

መስማት የተሳነኝ አንባቢያችሁ