ሳቅህን ስትጨርስ ደውልልኝ

አንተ ሰው፣

ጠፋሁ፣ አውቃለሁ። ይቅርታ። ሥራ በዛ ምናምን ብዬ አልዋሽህም፤ እውነቱን ዝቅ ብለህ ታገኘዋለህ። አሁን የጻፍኩልህ ቸግሮኝ ነው። ያ የድሮ ክርክራችን ተመልሶ መጣብኝ፦ እኔ «የድሮ ጭራቅ ተመልሶ መምጣት የለበትም» የምል፣ አንተ «ይምጣ» የምትል።

ልጄ የዶክተር ሁን፣ የዚያን የእንግሊዞች የቲቪ ተከታታይ፣ በፈረንጆቹ 2007 የወጣ ክፍል አየች፣ «ብሊንክ»ን። ዓይንህን ስትጨፍን ወይም ዞር ስትል ብቻ የሚንቀሳቀሱት የመላእክት ሐውልቶች። ትራሷን አቅፋ፣ የዓይኗን ቆብ በጣቶቿ ወጥራ ይዛ ነው የጨረሰችው። እንዳትጨፍን! ሲራመዱ አንዴም አላየችም እኮ። ካሜራው ዞር ብሎ ሲመለስ ቀርበዋል፣ በቃ። አሁን «መላእክቶቹ ተመልሰው አይመጡም?» እያለች ታደርቀኛለች። ይመጣሉ። በ2010 ይመጣሉ፣ ያውም ብዙ ሆነው፣ ያውም አንገታቸውን ሲያዞሩ እየታየ። ላሳያት ወይስ ልዋሻት?

«ዳሌክስ?» ልትለኝ ነው። ያ የዶክተር ሁ የድሮ ጭራቅ፣ ከ1963 ጀምሮ ስንት ጊዜ የተመላለሰ፣ ለክንድ የተደፈነ ቧንቧ መክፈቻ ጎማ የተሰጠው ቆርቆሮ! እሺ፣ የ2005ቱን ክፍል አልክድም። በሰንሰለት የታሰረ አንድ ዳሌክ ብቻ። ስንስቅበት የኖርነውን ጎማ አንዱ ሰውዬ ፊት ላይ ለጥፎ ሲገድለው ሳቄ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። «አይወጣም» እያልን የቀለድንበትን ደረጃም ወጣው። ያኔ «ዕድል ነው» አልኩህ። አሁን ሳስበው ግን ጸሐፊው የቀለድንበትን ሁሉ ለቅሞ ነው መልሶ የወረወረብን። መላእክቶቹን ማን ቀልዶባቸው ያውቃል? ተመልሰው ሲመጡ የሚያጡት እንጂ የሚያገኙት የላቸውም።

አሁን ኑዛዜው። የ2018ቱ ሲዝን አሥር ክፍል ሙሉ አንድም የድሮ ጭራቅ አልነበረውም። ስመኘው የኖርኩት ነገር! አሁን ከአዲሶቹ ጥራ ብትለኝ፣ ያ የገደላቸውን ሰዎች ጥርስ ፊቱ ላይ የሚሰካው ብቻ ነው የሚመጣልኝ። እሱም (አትሳቅ) በመጨረሻው ክፍል ተመልሶ ስለመጣ ነው።

ከዚያ ጃንዋሪ 1፣ 2019። ዳሌኩ ከቁርጥራጭ ብረት አዲስ ገላ ለራሱ ሠርቶ ብቅ ሲል፣ ከመቀመጫዬ ተነስቼ ጮህኩ። በደስታ! ስልኬን አንስቼ ቁጥርህን አወጣሁ። ያ «ምን ብዬህ ነበር?» የምትለው ድምፅህ ትዝ አለኝና መልሼ አስቀመጥኩት። ነገ እደውላለሁ ስል ቀን ቀንን ወለደ። ለዳሌክ ብዬ ወዳጅ አጣሁ፣ ይኸው ነው።

እና ምን ላድርግ? ለቅዳሜ ቃል ገብቼላታለሁ። ትራሷን ከአሁኑ ሶፋው ላይ አስቀምጣለች።