የተጎዳ ሠራተኛ ጠበቃ የሚያስፈልገው አልጋ ላይ ሳለ ነው፦ ለፍትሕ ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ፍትሕ ሚኒስቴር
ለሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በሥራ ላይ ከባድ የአካል ጉዳት ለሚደርስባቸው ሠራተኞች ነፃ የሕግ ድጋፍ ሆስፒታል ድረስ እንዲመጣላቸው ስለመጠየቅ

ክቡራን ሆይ፣

እኔ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህርት ነኝ። ስለ ሥራ ሕግ የማውቀውን ሁሉ የተማርኩት ባለፉት አሥራ ስድስት ወራት፣ ታናሽ ወንድሜ ከተኛበት አልጋ አጠገብ ተቀምጬ ስለሆነ፣ በአገላለጼ የባለሙያ ቃል ቢጎድል ይቅርታችሁን እጠይቃለሁ። ወንድሜ የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት ነው፤ ፌሮ ሠራተኛ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ በሚሠራ አንድ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ የሶሌታ (የወለል ኮንክሪት) ፌሮ ሲያስር የቆመበት የባሕር ዛፍ መወጣጫ ተሰብሮ ወደቀ። የጀርባ አጥንቱ ተሰብሮ ሕብለ ሰረሰሩ ስለተጎዳ ከወገቡ በታች አይንቀሳቀስም፣ ሽንቱንም መቆጣጠር አይችልም። ጉዳዩ በፍርድ ቤት የተያዘ ስለሆነ የአሠሪውን ስም አልጠቅስም።

ሕጉን ሳነበው በመጀመሪያ ተጽናንቼ ነበር። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል። የሕክምና ወጪውን እንዲሸፍን፣ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ለቀጣዮቹ ሦስት ወራት ከደመወዙ ቢያንስ 75 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ ላሉት ስድስት ወራት ደግሞ ቢያንስ 50 በመቶ እንዲከፍል፣ ጉዳቱ ዘላቂና ሙሉ ከሆነም የአምስት ዓመት ደመወዝ ያህል ካሳ እንዲሰጥ ያዝዛል። አሠሪው የመጀመሪያውን ቀዶ ሕክምና ወጪ ከፍሏል፤ ይህን አልክድም።

ሆኖም አደጋው በደረሰ በሦስተኛው ሳምንት፣ እኔ ትምህርት ቤት በነበርኩበት ሰዓት፣ ካቦው፣ ማለትም የሠራተኞቹ አለቃ፣ ሁለት ሽማግሌዎችና አንድ ወረቀት ይዞ ሆስፒታል መጣ። ወረቀቱ ወንድሜ 40,000 ብር «ለእርዳታ» እንደተቀበለና ከዚህ በኋላ ከድርጅቱ የሚጠይቀው ምንም ነገር እንደሌለ ይገልጻል። ወንድሜ የህመም ማስታገሻ ተወግቶ ነበር። እናታችን፣ ሰው እስከ ሆስፒታል ድረስ መጥቶ ሲለምን እምቢ አይባልም፣ በሽምግልና ማለቁ ይሻላል አለችው፤ ፈረመ። በእናቴ አልፈርድም፤ በእኛ አገር ሽማግሌ የሚከበር ነገር ነውና። ግን በሒሳብ ልናገር፤ ወንድሜ በቀን 600 ብር እየተከፈለው በወር ሃያ ስድስት ቀን ይሠራ ስለነበር የወር ገቢው 15,600 ብር ነበር። ሕጉ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ብቻ 46,800 ብር ይሰጠዋል። እድሜ ልኩን ያስፈረመው ገንዘብ የሦስት ወር ደመወዙን እንኳ አይሞላም። አንድ ጠበቃ፣ ጠበቃ ቢጠፋ አንድ የሕግ ተማሪ አልጋው አጠገብ ቢኖር ኖሮ ይህን ስሌት በአምስት ደቂቃ ያስረዳው ነበር።

ዋናው አቤቱታዬ የጊዜ ጉዳይ ነው። አዋጁ ከሥራ ግንኙነት የሚነሳ ክስ፣ ሌላ ልዩ የጊዜ ገደብ ካልተቀመጠለት በቀር፣ መብቱን መጠየቅ ከሚቻልበት ቀን ጀምሮ በአንድ ዓመት ይርጋ (የመክሰሻ ጊዜ ማለፍ) እንደሚታገድ ይደነግጋል። ያው አዋጅ የጉዳቱ መጠን በሐኪሞች ቦርድ፣ በተቻለ መጠን ጉዳቱ በደረሰ በአሥራ ሁለት ወራት ውስጥ፣ እንዲወሰን ይላል። እነዚህን ሁለት ድንጋጌዎች ጎን ለጎን ያነበበ ሰው ችግሩን ያያል። የቦርዱ ማስረጃ ከመውጣቱ በፊት ጉዳቱ ዘላቂ መሆኑ አይታወቅም፤ ማስረጃው ሲወጣ ደግሞ ዓመቱ አልቋል ወይም ሊያልቅ ተቃርቧል። ወንድሜ አራት ወር ሆስፒታል ተኛ፣ ከዚያ በአልጋ ቁስል ምክንያት ሁለት ጊዜ ተመልሶ ገባ፣ የቦርድ ማስረጃውን ያገኘው በአሥራ አንደኛው ወር ነው። እኔ ማመልከቻ ጸሐፊ ዘንድ ተቀምጬ ክሱን አዘጋጅቼ ያቀረብኩት በአሥራ ሦስተኛው ወር ነው። የአሠሪው ጠበቃ መጀመሪያ ያነሳው መቃወሚያ ይርጋ ነው፤ ጊዜው የሚቆጠረው ከወደቀበት ቀን ነው ይላል። እኛ ከቦርዱ ማስረጃ ቀን ነው እንላለን። ችሎቱ ገና አልወሰነም። ይርጋ በአሠሪው ግልጽ የእምነት ቃል ወይም ጉዳዩን ለሚመለከተው አካል በማቅረብ እንደሚቋረጥ ያወቅኩት ከዚህ በኋላ ነው፤ በስምንተኛው ወር ያወቀ ሰው አንድ ገጽ ማመልከቻ አስገብቶ ራሱን ያድን ነበር።

ሌላው ፈተና አሠሪው ማን ነው የሚለው ሆነ። ድርጅቱ ወንድሜ የሳብ ኮንትራክተሩ፣ ማለትም ሥራውን ከድርጅቱ የተቀበለው ንዑስ ተቋራጭ፣ ሠራተኛ ነው ይላል፤ ሳብ ኮንትራክተሩ የሰጠው ስልክ አይሠራም። የጽሑፍ ውል አልነበረም፤ የውል በጽሑፍ አለመሆን የሠራተኛውን መብት እንደማያሳጣ አዋጁ ቢደነግግም፣ ክፍያው የሚመዘገበው በካቦው ደብተር ስለሆነ ደብተሩ ከሌለ ደመወዙን የምናስረዳው በምስክር ብቻ ነው። አብረውት ይሠሩ የነበሩት ልጆች ግማሾቹ ለአጨዳ ወደ አገራቸው ሄደዋል፣ የቀሩት እንጀራቸውን ይፈራሉ። በዚያ ላይ የደህንነት ቀበቶ አላሰረም፣ የአደጋ መከላከያ ደንብ ጥሷል የሚል መከራከሪያ ቀርቧል፤ ቀበቶ ተሰጥቶት እንደነበር ግን የሚያሳይ አንድም የፊርማ ወረቀት የለም። ይህን ሁሉ የሚያፈራርስ ወይም የሚያጸና ማስረጃ የሚሰበሰበው አደጋው በደረሰበት ሳምንት ነው። መወጣጫው በማግስቱ ተነቅሎ ተወስዷል።

አዋጁ በአሠሪው ጥፋት ለደረሰ ጉዳት ሠራተኛው በሌላ ሕግ ካሳ የመጠየቅ መብቱን አላስቀረበትም፤ ስለዚህ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ይቀርልናል። በዚያ መንገድ የክሱ ጊዜ ሁለት ዓመት ነው፤ ለወንድሜ ስምንት ወር ቀርቶታል። ነገር ግን የሥራ ክርክር ክፍያ ሲቀርለት በዚህኛው የዳኝነት ክፍያ አለ፤ በደሃ ደንብ፣ ማለትም የዳኝነት ሳይከፍሉ፣ ለመክሰስ የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቢፈቅድም፣ አቤቱታው ራሱ እውቀት ይጠይቃል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2116 የኅሊና ጉዳት ካሳ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ተገድቧል፤ ዛሬ በዚህ ገንዘብ የአንድ ሳምንት ዳይፐር አይገዛም።

የአምስት ዓመቱ ካሳ ቢፈረድልን 936,000 ብር ይሆናል። ለዳይፐር፣ ለካቴተርና ለቁስል ፋሻ በወር 9,000 ብር እናወጣለን። ገንዘቡ ምግብ ሳይገዛበት እንኳ ስምንት ዓመት ከስምንት ወር ይቆያል፤ ወንድሜ ሠላሳ አምስት ዓመት ሲሞላው ያልቃል። ስለዚህ ከካሳው አንዲት ብር የሚያስቀር ስህተት ሁሉ ቀላል አይደለም።

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 መሠረት በወንጀል የተከሰሰ ሰው ጠበቃ ማቆም ባይችልና ፍትሕ ሊጓደል የሚችል ሁኔታ ቢያጋጥም መንግሥት ጠበቃ ያቆምለታል። ወንድሜ ሰው አልገደለም፤ የተጎዳው እሱ ነው፤ ስለዚህ ብቻውን ቆሟል፣ መቆም ካልነው። አንቀጽ 37 ፍትሕ የማግኘት መብትን ለሁሉም ይሰጣል፤ አንቀጽ 41 ደግሞ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአካል ጉዳተኞች እንክብካቤ እንዲያደርግ ይላል። የችሎቱ ቀጠሮ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነበር፤ ሊፍት ስላልነበረ ሁለት ጎረቤቶች ወንድሜን በዊልቸሩ ተሸክመው አወጡት። በ2001 የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ለሕዝብ አገልግሎት የሚውሉ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች ምቹ መግቢያ እንዲኖራቸው አዝዟል፤ ይህንንም ለማስታወስ ያህል ነው።

የምጠይቀው ይህ ነው። ከባድ አደጋ የሚታከምባቸው ሆስፒታሎች ሶሻል ወርከሮች አሏቸው፤ ሚኒስቴሩ ከጤና ሚኒስቴርና ከሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ጋር ተስማምቶ፣ በሥራ ላይ የተጎዳ ሰው ሲገባ ሶሻል ወርከሩ በሰባት ቀን ውስጥ ለነፃ የሕግ ድጋፍ ክፍል እንዲያሳውቅ፣ የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪም ቦታው ሳይነካካ እንዲመለከት ሥርዓት ያብጅ። ጠበቆች ነፃ አገልግሎት የመስጠት ግዴታ በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 አለባቸው፤ ከዚያ ድርሻ የተወሰነው ለእንዲህ ያለ ጉዳት ይመደብ፤ የሕግ ትምህርት ቤቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላትም በዚሁ ሥርዓት ይግቡበት። ዘላቂ ጉዳት ለደረሰበት ሠራተኛ ይርጋው የቦርዱ ማስረጃ ከተሰጠበት ቀን እንደሚቆጠር በሕግ ማሻሻያ በግልጽ እንዲቀመጥ ሚኒስቴሩ ሐሳብ ያቅርብ። ሆስፒታል ተኝቶ ያለ ሕግ ባለሙያ ምክር የተፈረመ የ«ምንም አልጠይቅም» ወረቀትም ዋጋ እንዳይኖረው ይደረግ።

የወንድሜን ጉዳይ ለብቻው እንድታዩልኝ ስል አልጻፍኩም፤ ግን የፍትሐ ብሔሩ ክስ ጊዜ ሊያበቃ የቀረው ስምንት ወር ነው፣ እስካሁንም ጠበቃ አላገኘንም።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የተጎጂው እኅት፣ አዲስ አበባ

ግልባጭ፦
ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር
ለጤና ሚኒስቴር