«የመጨረሻው እራት» ፍሬስኮ አይደለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ያወጣችሁትን ጽሑፍ በደስታ አነበብነው። አንድ ነገር ግን መታረም አለበት፤ «የመጨረሻው እራት»ን ፍሬስኮ ብላችሁታል፤ ሚላን፣ ሳንታ ማሪያ ዴሌ ግራትሲዬ ገዳም የምግብ አዳራሽ ውስጥ ያለው ይህ ሥዕል ግን ፍሬስኮ አይደለም። ፍሬስኮ እርጥብ የኖራ ልስን ላይ ይሳላል፤ ኖራው ሲደርቅ ቀለሙን ይዞ ድንጋይ ይሆናል። ታዲያ ሠዓሊው ልስኑ ሳይደርቅበት የዕለቱን ድርሻ መጨረስ አለበት። ሊዮናርዶ ደግሞ ቀስ ብሎ፣ እየተመለሰ የሚያርም ሰው ነበር። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1490ዎቹ 4.6 በ8.8 ሜትር የሚሆነውን ሥዕል በደረቀ ግድግዳ ላይ፣ በእንቁላልና በዘይት በተለወሰ ቀለም ሠራው። እርጥበት ገባበት፤ ቀለሙ እሱ በሕይወት እያለ መላጥ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1652 በር ሲከፈትበት የክርስቶስ እግሮች አብረው ሄዱ። የመጨረሻው ጥገና ከ20 ዓመት በላይ ፈጅቶ እ.ኤ.አ. በ1999 አለቀ።

ነገሩ ለድሬዳዋም ቅርብ ነው። ፀሐያችን የግድግዳውን ፊት ቶሎ ስለሚያደርቀው ውስጡም የደረቀ ይመስላል። አዲስ የተለሰነ ቤተ ክርስቲያን ከመሳሉ በፊት መድረቁን ለማወቅ፣ ግማሽ በግማሽ ሜትር ላስቲክ ግድግዳው ላይ ዙሪያውን በሚጣበቅ ፕላስተር አሽጎ ማሳደር ይበቃል። ጠዋት ከላስቲኩ ሥር ጤዛ ከታየ ግድግዳው ገና ነው፤ ሸራ ቢለጠፍበትም ያብጣል፣ ጨውም ያወጣል።

የሥዕል መምህራን፣ ከዚራ፣ ድሬዳዋ